ቀዩ ይሻላል አረንጓዴው?

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ኮፈን መክፈት ጉባኤ መጥራት ነው። ሊስትሮው ብሩሹን ይጥላል፣ ጥበቃው ዱላውን አስደግፎ ይመጣል፣ ሎተሪ አዟሪውም ዕጣውን ትቶ ሞተሩ ላይ ያጎነብሳል። ሁሉም መካኒክ ነው። ጉባኤው በሌላ ነገር ይስማማ ይሆናል፤ ኩላንት ላይ ሲደርስ ግን የቀዩ ወገንና የአረንጓዴው ወገን ሆኖ ይከፈላል። "ቀዩ ለቆላ፣ አረንጓዴው ለደጋ" ይላል አንዱ። "ኧረ ቀዩ ለአዲስ መኪና ነው!" ይላል ሌላው። አንድ አዛውንት ደግሞ "እኛ በላንድሮቨር ጋሞ ጎፋ ስንወርድ የወንዝ ውሃ ነበር የምንሞላው" ብለው ሁለቱንም ይንቃሉ።

መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብትወርዱም ፍርድ የለም።

"የቱን ልስጥዎት ጋሼ?"

"የሚሆነውን።"

"ሁሉም ይሆናል። ዋጋው ነው የሚለያየው።"

እውነቱን ለመናገር ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፤ ፋብሪካው ካሰኘው ወይን ጠጅም ያደርገዋል። ልዩነቱ የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ ከሆነው ግላይኮል ጋር የተቀመመው የዝገት መከላከያ ላይ ነው። የድሮው ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው፣ በ2 ዓመት ገደማ ይደክማል፤ በኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራው እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ጃፓኖች ፎስፌት ይወዳሉ፣ ሲሊኬት ይሸሻሉ፤ አውሮፓውያን ደግሞ ውሃቸው ኖራ ስለሚበዛበት ፎስፌትን አይደፍሩም። የማይስማሙትን ያጋባ ሰው ራዲያተሩ ውስጥ እንደ አጥሚት የወፈረ ነገር ሊጠብቀው ይችላል።

"እኛ አገር በረዶ የለ፣ ምን ያደርጋል?" የሚሉም አሉ። እርግጥ ነው፤ ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ አይረጋም፤ እዚያ ድረስ ደብረ ብርሃንም አትደፍርም። የእኛ ጣጣ መፍላቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያድነን ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ ናቸው። ይህን ያላመነ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ያምናል፤ ዳገቱ ላይ ኮፈን ከፍቶ፣ ሃይላንድ ይዞ የሚቆም ሹፌር አይጠፋም።

መካኒኩም የራሱ መድኃኒት አለው፤ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል። ሞተሩ ያኔ በወጉ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን ይጠጣል፤ ባለቤቱ ግን "ተመስገን፣ አሁን አይፈላም" እያለ ይመርቃል።

"ማኑዋሉን አንብብ" ማለት ቀላል ነው። የእኔ ቪትዝ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል፤ ማኑዋሏ ግን ጃፓንኛ እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የጀሪካኑን ቀለም ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ለመኪናችሁ ዓይነት እንደሚሆን ካልጻፈ ተዉት። ያልተበጠበጠ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን የተጣራ የባትሪ ውሃ ግማሽ በግማሽ ጨምሩበት፤ አሲዱን አላልኩም! ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አትንኩ። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ መርዝነቱ ግን ገዳይ ነውና የተረፈውን በሃይላንድ ገልብጣችሁ ልጅ የሚደርስበት ቦታ አታስቀምጡ።