ሰባ ፈረስ ለሴቻ አቀበት

አርባ ምንጭ ሲቀላና ሴቻ ተብላ ባትከፈል ኖሮ የእህቴ ልጅ ቪትዝ መኪናውን ባልነካካ ነበር። ሲቀላ ከታች ሜዳው ላይ ናት፤ ገበያውም ግርግሩም እዚያ ነው። ሴቻ ከላይ ተቀምጣ የአባያና የጫሞ ሐይቆችን ቁልቁል ታያለች። በሁለቱ ሰፈሮች መሀል አቀበት አለ። እዚያ አቀበት ላይ ባጃጅ የቀደመው የቪትዝ ባለቤት ያን ማታ እራት አይበላም። የእህቴ ልጅማ ከስቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ጉልበት ልጨምርላት ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ አባያ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ።

«ስንት ፈረስ?»

«ሠላሳ።»

«ማን ይቀልባቸዋል?»

ቤንዚን ሰልፍ በሚያሳድርበት፣ አንዳንዴም በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር በሚቸበቸብበት ዘመን ጥያቄዬ ተገቢ ነበር። እሱ ግን ሳቀብኝና ስልኩን አውጥቶ የመለዋወጫ ፎቶ ያሳየኝ ጀመር።

ቶዮታ ቪትዝን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣት ያሰባት ለጃፓን አስፋልትና ለሁለት ቀጫጭን ሰዎች ይመስለኛል። ትንሿ ሞተር 997 ሲሲ ናት፤ አራት ሲሊንደር፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ያውም 70ው የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲጮህ ነው። እኛ ደግሞ ሞተር ሲጮህ «ተቃጠለች!» ብለን ማርሽ እንቀይራለን። ስለዚህ አብዛኛው የቪትዝ ባለቤት ሰባዎቹን ፈረሶች አንድ ላይ አይቷቸው አያውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ማርሚታ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወረደ። አፉ ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከመኪናዋ ይልቅ ለጀልባ የሚመጥን። ተገጠመና ተሞከረ። መኪናዋ ከሲቀላ ስትነሳ ሴቻ ያለ ሰው ሰማት፤ እሷ ግን የደረሰችው በድሮ ሰዓቷ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፋብሪካው የገጠመላት ቧንቧ የሰባ ፈረስ ጭስ ለማስወጣት አያንሳትም፤ ሰፊ ቀዳዳ ስለተሰጣት ብቻ ሌላ ጭስ ከየት ታመጣለች? አንድ ጥቅም ግን አልክድም፤ እህቴ ቤቷ ተቀምጣ ልጇ የት ሰፈር እንደደረሰ ታውቃለች።

ቀጥሎ ኮን የሚሉት ክፍቱ የአየር ፊልትሮ ገባ። ይኼ እንኳ ከማርሚታው የባሰ ነው። የድሮው ፊልትሮ በሳጥን ተዘግቶ አየር የሚስበው ከውጭ ነበር። አዲሱ ሞተሩ ጎን ራቁቱን ተቀምጦ፣ ሞተሩ ያሞቀውን አየር መልሶ ያጠጣታል። አየር 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 3 በመቶ ይሳሳል፤ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። የአርባ ምንጭ ቀትር ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ እየሆነ፣ ኮፈን ስር ያለው ሙቀት ምን ሊያክል እንደሚችል ገምቱት። ልጁ ገንዘብ ከፍሎ ፈረስ አስቀነሰ።

ስለ ቸርኬው ብዙ አልልም። ከበፊቱ የገዘፈና የከበደ ስለነበር ማንቀሳቀሱ ራሱ ሥራ ሆነባት። ኋላዋ ላይ የተተከለው ክንፍ፣ አውሮፕላን በሚነሳበት ፍጥነት ብትበር ኖሮ መሬት ያስይዛት ነበር። በመስታወቷ ላይ «ተርቦ» የሚል ስቲከር ተለጠፈ፤ ከተጨመሩት ነገሮች ሁሉ ክብደት ያልጨመረው እሱ ብቻ ነው።

እውነተኛው ፈተና ግን ጨንቻ ነው። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም መንገዱ የሚለካው ወደ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትርን ታልፋለች። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ስለሆነ፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይሸሻል፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛው ገደማ። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት። ጃፓን ባሕር ዳር የተቆጠሩት 70 ፈረሶች አርባ ምንጭ ላይ 60 አካባቢ ናቸው። ጨንቻ ሲደርሱ ከ50 ብዙም አይበልጡም። አሥሩ መጀመሪያውኑ ሲቀላ አልደረሱም፤ ሌሎቹ አሥሩ መንገድ ላይ ባለችው ዶርዜ ቆጮ በዳጣ እየበሉ ቀርተዋል።

ለዚህ ችግር መልስ የሚሆነው አየሩን በግድ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ተርቦ ነው። ዘዴው ያስኬዳል። የቪትዝ ዘመድ የሆነው ጂአር ያሪስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ፣ 1.6 ሊትር ብቻ ከሆነ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በተርቦ 272 ፈረስ አውጥቶ ዓለምን አስደምሟል። ያ ሞተር ግን ሲወለድ ጀምሮ ለተርቦ የተሠራ ነው። የእኛይቱ ድብልቁን አሥር እጥፍ ጨምቃ የምታቃጥል ስለሆነች፣ ተጨማሪ አየር ሲገፋባት ቤንዚኑ ያለሰዓቱ ይፈነዳና ፒስተኗን ማንኳኳት ይጀምራል።

ይህን ለልጁ ያስረዳው አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ልጄ፣ ተርቦ እገጥምልሃለሁ። ከዚያ ፒስተን ትቀይራለህ። ከዚያ ቴስታታውን እናወርዳለን። ከዚያ ፍሪሲዮኑ አይችልም። መጨረሻ ላይ ስታየው ሌላ መኪና ገዝተሃል፤ ሊብሬው ላይ ግን ያው ቪትዝ ነው።»

በዚያ ላይ የገበያው ነገር አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። እዚህ ያለችው ቪትዝ አሮጊት ብትሆንም የቤተሰብ ቅርስ ሆነች። ሊገዛት የሚመጣ ሰው ስለ ፍጥነቷ አይጠይቅም። «ሞተሯ ተፈቶ ያውቃል?» ነው የሚለው። ሌላው አገር ባለመኪናው የፈታታውን ቆጥሮ ይኮራል፤ እኛ ዘንድ ያልተነካ ማለት ድንግልና ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቪትዝ ባዶዋን 850 ኪሎ ገደማ ናት። አምስት ሰው ሲገባባት 1,175 ትሆናለች። አንድ 65 ኪሎ ሰው ቢወርድላት አቀበቱ ላይ ከሦስት ፈረስ በላይ እንደተጨመረላት ይቆጠራል፤ ማርሚታውና ኮኑ ተጋግዘው ያላመጡትን። ችግሩ ማን ይውረድ ነው። ወደ ጨንቻ ሊሄድ ሲነሳ ጎረቤት ለቅሶ አለባት። አክስቱ ለልጇ ሙዝ ትልካለች፤ ሙዙ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፣ የሚያስረክበው ሰው ይከተለዋል። መልስ ላይ የጨንቻ ፖም ይጫናል፤ ቁልቁለት ስለሆነ ያን ጊዜ የሚለመነው ፍሬኑ ነው። የዚህን ልጅ ፈረሶች ከከፍታው በላይ የፈጃቸው ይሉኝታ ነው፤ ለይሉኝታ ደግሞ ሶማሌ ተራም መለዋወጫ የለውም። እስካሁን በእርግጠኝነት ጉልበት የጨመረላት ነገር ቢኖር የእሱ መክሳት ነው።

አሁን ዓይኑን በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጥሏል። አዲስ አበባን የሞላችው ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል 75 ፈረስ ገደማ አላት፤ ከቪትዝ የራቀች አይደለችም። ግን አየር ስለማትተነፍስ ዶርዜም ጨንቻም ለእሷ አንድ ነው፤ ፈረሶቿ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ቪትዟ አዲስ ካንዴላ ተገዝቶላት፣ የድሮው ፊልትሮ በሳጥኑ ተመልሶላት፣ ጎማዋ በልኩ ተነፍቶ ደህና ትወጣለች።

ማርሚታው፣ ኮኑና ክንፉ ለሽያጭ ቀርበዋል። ፈላጊ ካለ አርባ ምንጭ ድረስ ብቅ ይበል፤ የማርሚታው ድምፅ ሙሉ ነው፣ ስለ ጉልበቱ ግን አንዋሽም።