የቆመች ቮልስ ሥነ ምህዳር

ለዚህ ጥናት ሲባል «የቆመች ቮልስ» የሚለው ስያሜ፣ ከአዲስ አበባ ግቢዎች በአንዱ ጥግ ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠችን፣ ባለቤቷ ግን «ባትሪ ብቻ ነው የጎደላት» የሚላትን መኪና ያመለክታል። ከወደቀች መኪና የሚለያትም ይኸው የባለቤቱ ቃል ነው፤ በአካል ረገድ በሁለቱ መካከል እስካሁን ልዩነት አልተገኘም።

አሰፋፈሩ በዝገት ይጀምራል፤ ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ተዋህዶ ወለሉ ሲበሳ፣ በቀዳዳው ዙሪያ የተጠራቀመው አቧራና የረገፈ ቅጠል አፈር ይሆንና ሰርዶ ከታች ሾልኮ የፍሬን ፔዳሉን ይይዛል (ፍሬኑ በዚህ መጠን ይዞ እንደማያውቅ ልብ ይሏል)። በክረምቱ ዝናብ ሳማ በሮቹን ስለሚከብም፣ መኪናዋ በአገልግሎት ዘመኗ ያላገኘችውን አስተማማኝ የሌባ መከላከያ ታገኛለች። የጎረቤት ዱባ አጥር ተሻግሮ ጣሪያዋ ላይ ቢያፈራ ዱባው የማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ የሽማግሌ እንጂ የሥነ ሕይወት ጉዳይ ባለመሆኑ እዚህ አይነሳም።

በእንስሳቱ በኩል የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት መሆኑ ወሳኝ ነው፤ አይጥ ከኋላ የሽቦ ልባስ ስትቆረጥም፣ ዶሮ ከፊት 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች። ጀርመኖች ይህችን መኪና «ጥንዚዛ» ይሏታል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ በመውጣቷ ዝርያው እንደጠፋ ሊቆጠር ይችላል፤ ባለቤቱም ይህንኑ ለዋጋዋ መጨመር ማስረጃ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

የዚህ ሥነ ምህዳር ብቸኛ አዳኝ ቆራሌው፣ ማለትም አሮጌ ዕቃ በየሰፈሩ እየዞረ የሚገዛው ነጋዴ ነው። ድምፁ በተሰማ ጊዜ የቤቱ እመቤት ወደ በሩ፣ ባለቤቱ ወደ መኪናዋ ይፈጥናሉ፤ ቆራሌው ዋጋዋን በኪሎ ሲጠራ፣ ባለቤቱ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ «ክረምቱ ይውጣ እንጂ ትነሳለች» ይላል። ይህ ቃል በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ ከየትኛውም የጥብቅ ደን ዐዋጅ ይልቅ ነዋሪዎቹን ጠብቆ አቆይቷል። መስከረም ሲጠባ ባትሪው በእርግጥ ተገዝቶ የመጣበት ዓመትም አለ፤ ይሁን እንጂ በቮልስ የባትሪው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑና ድመትም እዚያው ስለወለደች፣ ጥገናው ልጆቿ ዓይናቸውን እስኪገልጡ ድረስ ተላልፏል።