ይሉኝታን ከስልክ ላይ ስለማጥፋት

ውድ አንባቢ፣ ጥሩ አስተዳደግ አለዎት፤ ችግርዎ ከዚህ ይጀምራል። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫዎ ይነሣሉ። ሰው እያናገረዎት ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ከጥፊ አይተናነስም ብለው ያምናሉ። ቸገረኝ ላለ ሰው «የለኝም» ለማለት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይምላሉ። ይህ ሁሉ ለጎረቤትና ለዕድር የተመሰገነ ጠባይ ነው። ለባንክ ሂሳብዎ ግን አደጋ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ሲይዙ እንዲተዉት በትሕትና እመክርዎታለሁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው «ጠላፊ» የሚባለውን ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡ ባደሩ ጊዜ የብዙው ሰው ግምት ባንኩ ተጠልፏል የሚል ነበር። ባንኩ ግን የሳይበር ጥቃት የለም፣ ችግሩ የመጣው ከራሱ የሲስተም ሥራ ነው አለ። (ከዚያ በኋላ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ መለጠፉ ይታወሳል። ትልቁ ባንካችን ገንዘቡን ለማስመለስ በስተመጨረሻ የተማመነው በይሉኝታ ነበር ማለት ነው።) ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባንኩ በይሉኝታ ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ካወቀ፣ ሌባውም በይሉኝታ ገንዘብ መውሰድ እንደሚቻል ያውቃል።

እርስዎ ዘንድ የሚመጣው ሌባ ቁልፍ አይሰብርም፤ ያስከፍትዎታል። ድምፁ ለስላሳ ነው። ስምዎን በማዕረግ ይጠራል፤ የልጆችዎን ጤና ይጠይቃል። የሚደውለው ከባንክዎ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲስተም እየተሻሻለ ነው፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ብቻ ያንብቡለት። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፤ ባንክዎ መቼ ደውሎ የልጆችዎን ጤና ጠይቆ ያውቃል? ትሕትናው ራሱ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይዝጉ። «ይቅርታ» አይበሉ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለውም አይዋሹ፣ በኋላ ይደውላልና። ቁጥሩ ወደ ስልክዎ የመጣው ሰውዬው በዚያው ቅጽበት የእርስዎን ሂሳብ በራሱ ስልክ ላይ ለመክፈት እየሞከረ ስለሆነ ነው፤ የጎደለው ያቺ ኮድ ብቻ ናት። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ኮዱንም ሆነ የሚስጥር ቁጥርዎን አይጠይቅም። ኮከብ 21 ኮከብ ብለው ስልክ ቁጥር አስከትለው ይደውሉ የሚልዎትም አለ፤ ይህ የእርስዎ ጥሪ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ስልክ እንዲዞር የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ከተጠራጠሩ ራስዎ ይደውሉ፤ ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ፈተና የሚመጣው እያለቀሰ ነው። «ወንድሜ፣ ለልጄ መድኃኒት የላክሁት 4,500 ብር በስህተት እርስዎ ጋ ገብቶብኛል!» ስልክዎን ሲያዩ በእርግጥም 4,500 ብር ገቢ ሆኗል የሚል መልእክት ተቀምጧል። የሰው ገንዘብ ይዞ ማደር እንቅልፍ ይነሳዎታልና ሴትዮዋ ሁለተኛ ሳትለምን ይልካሉ። እሷም ትመርቅዎታለች። ምርቃቱ ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ሐሰተኛው መልእክቱ ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል እንጂ በ09 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር አይመጣም። «የመለሱት» ገንዘብ የራስዎ ደመወዝ ነበር።

እዚህ ላይ ጭካኔ መማር ያስፈልግዎታል። እሷ እያለቀሰች እርስዎ ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ፤ መልእክቱን አይመኑ፣ ሂሳቡን ራሱን ይክፈቱ። ገንዘቡ ከሌለ ነገሩ አለቀ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም እጅዎን ሰብስበው፣ «ለባንክዎ ያመልክቱ፤ ባንኩ ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ» ይበሉ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነዎት!» ትልዎታለች። ይቀበሉት። መድኃኒቱ በእውነት ለልጅ ከሆነ ባንኩ ያስተካክለዋል፤ እርስዎም በሰማይ ቤት የሚጠየቁበት ነገር የለም።

ከዚያ ደግሞ ዘመድ አለ። ሪያድ ያሉት አክስትዎ በቴሌግራም፣ «ሃይ፣ ሰላም ነው? 20 ሺህ ብር አጥሮኝ ነበር፣ በዚህ አካውንት አስገባልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ብለው ጻፉ። ፎቶው የእሳቸው ነው፤ ስሙም የእሳቸው ነው። ግን አክስትዎ በዕድሜያቸው «ሃይ» ብለው ያውቃሉ? የሚልኩት አራት ደቂቃ የሚፈጅ የድምፅ መልእክት አይደለም እንዴ፣ ሁለቱ ደቂቃ በጎረቤት ሁሉ ሰላምታ የሚያልቅ? ደግሞስ ብር ከሪያድ ወደ እርስዎ ሲመጣ እንጂ ከእርስዎ ወደ እሳቸው ሲሄድ መቼ ታይቶ? ወዲያው በስልክ ይደውሉላቸው። «አሁን ማውራት አልችልም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ይጠይቁ፤ አያታችን ላሟን ማን ብላ ነበር የምትጠራት? እውነተኛዋ አክስት ከሆኑ ይቀየማሉ፤ ለፋሲካ ይታረቃሉ።

የእሳቸው ቴሌግራም የተወሰደው እንዴት መሰለዎት? የሚያውቁት ሰው «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» ብሎ ሊንክ ላከላቸው፤ ከዚያ ኮድ ጠየቃቸው፤ ኮድ ለለመነ መንፈግ ደግሞ ነውር ነው። ከራሱ ከቴሌግራም የሚመጣው መልእክት ኮዱን ከቴሌግራም ነን ለሚሉ እንኳ አትስጡ እያለ ይለምናል፤ አንባቢ የለውም እንጂ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ያብሩላቸው፤ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ ኮዱ ብቻውን ለሌባው አይበቃውም።

ሱቅ ካለዎት ደግሞ ደንበኛን ማስቀየም ይልመዱ። «ተልኳል፣ ይኸው» ብሎ ስክሪንሾት ሲያሳይዎት ሥዕል እያሳየዎት ነው። ዕቃውን ከባንኮኒው ላይ ሳያነሱ የራስዎ ሂሳብ ላይ እስኪገባ ይጠብቁ። በመኪና የመጣ ከሆነ ጡሩምባ ሊያሰማዎት ይችላል። ያሰማ።

የኤቲኤም ነገርም አለ። ካርድና የሚስጥር ቁጥር ለማያውቁት ጎረምሳ ሰጥተው «ልጄ፣ ሦስት ሺህ አውጣልኝ» የሚሉ እናቶች አሁንም አሉ፤ የጎረምሳው መልካምነት ከነዚህ እናቶች አስተዋይነት የበለጠ በመሆኑ እንጂ ስንቱ በተወሰደ ነበር። የሚስጥር ቁጥርዎ የተወለዱበት ዓመት ከሆነም ይለውጡት። ሌባው በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞክራል ብለው በእኛ አቆጣጠር ያደረጉት እንደሆነም፣ ሌባውም የአገርዎ ልጅ መሆኑን አይዘንጉ። የፋይዳ መታወቂያዎን ፎቶ ደግሞ «ለሥራ ምዝገባ» ብሎ ለጠየቀ የቴሌግራም ደላላ ሁሉ አይላኩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለልዎት፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለልዎት፤ ሁለቱም ግን ስልክ አይዘጉልዎትም።

ይህን ሁሉ አንብበውም ከተጭበረበሩ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለው ሌሊቱን ብቻዎን አይገላበጡ። ያኔውኑ ባንክዎ ደውለው ሂሳብዎን ያሳግዱ፤ ሌባው ገንዘቡን ወደ ሌላ ሂሳብ አሻግሮ ለማውጣት ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። ለፖሊስ ያመልክቱ። ለቤተሰብም ይንገሩ፣ ለሚስቁብዎት አማችም ጭምር፤ ነገ የሚደወለው ለእሳቸው ነውና። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ «የጠፋ ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ ለማስፈጸሚያ ብቻ በቅድሚያ 2,000 ብር» የሚል ሰው ይደውላል። ይህኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ጨዋ ነው፤ ስለደረሰብዎት ጉዳት ከልቡ ማዘኑን ነግሮ ነው የሚጀምረው።