ጋሼ፣ ሃዋይም ድንጋይ የተሸከመ ንጉሥ ነበረ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፤

«ባሕር ለማየት ውቅያኖስ ማቋረጥ ምን አመጣው? ጣና ደረቀ እንዴ?» ብለው በስልክ ስለ ተቆጡኝ፣ መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ላስ ቬጋስ ውስጥ የሃዋይ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ከተማዋን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል፤ ዋናዎቹ ደሴቶቻቸው ስምንት ናቸውና። አብሮኝ ሆቴል የሚሠራ የዚያ አገር ልጅ «እኛ ቤት ታርፋላችሁ፣ ኑ» ሲለኝ፣ ባለቤቴ ነገሩን ሳልጨርስላት ሻንጣ አወረደች።

ትልቋ ደሴት ላይ፣ ካዋይሃኤ ወደብ አጠገብ፣ ስፔንሰር የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ አለ። ለምለም አገር ስጠብቅ የተቀበለኝ የደረቀ ሣር፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና እሾህ ነው። ዝናቡን ተራራው በወዲያ በኩል ስለሚያስቀረው ይህኛው ወገን ደረቅ ነው። ያስጠለለን ዛፍ እንኳ አፋርን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው፤ እነሱ ኪያዌ ይሉታል። እሾሁ ነጠላ ጫማዬን በስቶ ሲገባ «ወይኔ!» ብዬ ብጮህ፣ ወዲያ ማዶ የተጋደሙ ሽማግሌ ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አነሡልኝ።

ባሕሩ ግን እንደ ገዳም ጸጥ ያለ ነው። ልጆቹ ዋኙ፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ፎቶ ተነሣሁ። አጠገባችን ባለው ወሽመጥ ሻርክ እንደሚታይ፣ ለሻርክ አማልክት የተሠራ የጥንት ቤተ አምልኮም እዚያው ውኃ ውስጥ እንዳለ የነገሩን ከወጣን በኋላ ነው። ከጉልበቴ ያላለፍኩት በጥበብ እንደሆነ ለልጆቹ አስረድቻለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ፣ ድንጋይ ወደ ተሸከሙ ነገሥታት ልምጣ። ከመናፈሻው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ፑኡኮሆላ የሚባል ግዙፍ የድንጋይ ካብ አለ። ያሠራው ንጉሥ ካሜሃሜሃ ነው። ልክ እንደኛ ዘመነ መሳፍንት ገዥዎቹ እርስ በርስ ሲፋጁ፣ አንድ ትንቢት ተናጋሪ «ለጦር አምላክህ እዚያ ቤት ብትሠራለት ደሴቶቹ ሁሉ ይገዙልሃል» አለው። እ.ኤ.አ. በ1790 ሥራው ተጀመረ። ድንጋዩ ከፖሎሉ ሸለቆ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሰው ተሰልፎ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለው እንደ መጣ ይነገራል። ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው። ንጉሡም ራሱ ተሸክሟል። ወንድሙ ላግዝ ብሎ አንድ ድንጋይ ቢያነሣ ግን «አንተ ሥርዓቱን ጠብቀህ በንጽሕና ቆይ» ብሎ ነጥቆ ባሕር አስጣለው ይላሉ። ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝ፤ እሱም ሥራ ሲመጣ በንጽሕና መቆየት ይወዳል።

በ1791 ለምረቃው ተቀናቃኙን፣ የአጎቱን ልጅ ኬኦዋን ጠራው። ኬኦዋ ከታንኳው ወርዶ ሳይደላደል ተገደለ፤ የምረቃው መሥዋዕትም እሱ ሆነ። የዘመድ ግብዣ በየአገሩ ያሠጋል፣ ጋሼ። በ1810 ደሴቶቹ በሙሉ ለካሜሃሜሃ ገቡ።

«ፈረንጅስ አልነበረበትም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነበረበት። ጆን ያንግ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በ1790 ንጉሡ አስቀርቶት በመድፍና በጠመንጃ አገለገለው። እርስዎ ደጅ፣ ጋፋት ላይ፣ ለቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩት ፈረንጆች መድፋቸውን እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ ከረሙ፤ ይሄኛው ግን የትልቋ ደሴት ገዥ ሆኖ ተሾመ።

ካቡ በ2006 የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ በጥንቱ የድንጋይ አካካብ ተጠግኗል። ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ባለቤቴ የጣዖት ቤት ነው ብላ አማተበች፤ ግን ልማድ ሆኖባት ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

ስለዚህ ጋሼ፣ «ድንጋይ ተሸክሞ ያሠራ ንጉሥ በዓለም ላይ ቴዎድሮስ ብቻ ነው» የሚለውን ስብከትዎን «ቴዎድሮስ አንዱ ነው» ብለው ቢያሻሽሉልን። ቅር ካለዎት በጽሑፍ ይሙገቱኝ፤ በስልክ ተራ አይሰጡኝም።

አብሮ በላክሁት ፎቶ ላይ በቁምጣ ነኝና ለእናቴ ከወገብ በላይ ያለውን ብቻ ያሳዩልኝ።

አክባሪ የእህትዎ ልጅ፣
ከላስ ቬጋስ