እሳት ለሰው ልጅ ያለው ጥቅም

ሆሳዕና ውስጥ የምኖረው ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለችው የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ፊቷን ወደ እኔ መስኮት ስላዞረች፣ ወደድኩም ጠላሁም የጣቢያው ታማኝ አድማጭ ነኝ። «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ሲባል ቁርሴን እበላለሁ፤ «የዕለቱ ጥቅስ» ሲባል ጫማዬን አስራለሁ።

ልጄም የሚኒ ሚዲያው ክበብ አባል ናት። በቅርቡ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀዳ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ውኃ ካቆመ ሰንብቷል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም። የሚመለከተው አካል ይሥራልን።» ወረቀቱ ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ አየሁት። የክበቡ ተጠሪ መምህር በቀይ እስክሪብቶ «የሚመለከተው የሚለው ይውጣ፤ ማን እንደሆነ ይታወቃል» ብለዋል። ዩኒት ሊደሩ በሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዘውታል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ኅዳጉ ላይ «አስተማሪ ይሁን» የሚል ምክር ጨምረዋል። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ልጄ በዚያ ጥርት ያለ ድምጿ ያነበበችው ይህን ነው፦ «ውኃ ሕይወት ነው። ውኃን በቁጠባ እንጠቀም።» እውነትም ተቆጥቧል። ጠብታ አልባከነም።

ተማሪ በትምህርት ቤት ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይኑረው አይኑረው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን አሠራር ቀርበው ቢያዩት ክርክራቸውን በተዉ ነበር። መብቱማ አለ! የሚቀረው ሐሳቡን ማስገምገም ብቻ ነው። ሌሎች አገሮች ይህን ብልሃት ስላላወቁ ይደክማሉ። አሜሪካ ውስጥ የቬትናምን ጦርነት ተቃውማ ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰረች ሜሪ ቤት ቲንከር የምትባል የ13 ዓመት ተማሪ ጉዳይዋ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 እ.ኤ.አ. ተፈርዶላታል። ስንት ዓመት፣ ስንት ጠበቃ! እኛ ጋ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተብላ ከምሳ በፊት ባለቀ ነበር።

የአሠራሩ ጥቅም ደምቆ የሚታየው ግን በችግር ቀን ነው። እንበልና ቤተ መጻሕፍቱ እሳት ተነሣበት። ያልሠለጠነ ልጅ ቢሆን ጭሱን እንዳየ «እሳት!» ብሎ ይጮኻል። ሰላምታ የሌለው፣ ርዕስ የሌለው፣ ማንም ያላየው ጽሑፍ! የእኛ ልጅ ግን መጀመሪያ እጁን ያወጣል። ሞኒተሩ «ያወራል» ብሎ ስሙን ይመዘግበዋል። ልጁ በትዕግሥት ዕረፍት ጠብቆ ወደ ክበቡ ተጠሪ ይሄዳል፤ ተጠሪው አበል ያለው ሥልጠና ላይ ናቸው፤ ተወካያቸው ይጠራሉ። «ቤተ መጻሕፍቱ እየተቃጠለ ነው» የሚለውን አንብበው «አሉታዊ ነው» ይላሉ። ይታረማል፦ «ቤተ መጻሕፍታችን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሞቀ መጥቷል።» ዩኒት ሊደሩ በጎ ጎኑም እንዲካተት ያዝዛሉ፤ ስለዚህ የብርሃን አቅርቦቱ መሻሻሉ ይታከላል። ምክትሉ «ጭሱን ማን አየ? በማን ፈቃድ ከክፍል ወጣ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። በሀድይሳም መነበብ ስላለበት ተርጓሚ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢ ይመረጣል፤ ጸሐፊው ይቅርታ ጠይቆ ይቀራል። በመጨረሻ ማኅተም ይፈለጋል። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቢሮው ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እሱም በበኩሉ ሞቅ ብሏል።

ይሁን፣ ማኅተሙም ተገኘ። ሙዚቃ ይገባል። «እንደምን ሰነበታችሁ ውድ የሚኒ ሚዲያችን አድማጮች! የዛሬው ርዕሳችን እሳት ለሰው ልጅ ያለው ጥቅም የሚል ነው። እሳት ምግብ ለማብሰል፣ ብረት ለማቅለጥ፣ ብርድን ለመከላከል ያገለግላል።» መምህራን ያጨበጭባሉ። በአጋጣሚ ጭሱን ከሩቅ ያየ የእሳት አደጋ መኪና በር ላይ ቢደርስ ዘበኛው «ደብዳቤ ይዛችኋል?» ብሎ ያቆመዋል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ደግሞ «ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ለመገንባት የሚያስችል ምቹ ባዶ ቦታ ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ወላጅ ኮሚቴውም መዋጮ እንዲያሰባስብ ይታዘዛል።

ቀልዱ ይብቃኝ። ልጄ ሽንት ቤት ስትገባ ጓደኛዋ በሩን ከውጭ ይዛላት ትቆማለች። ጓደኛዋ በቀረች ቀን ልጄ ሽንቷን እስከ ቤት ይዛ ትመጣለች። ይህን በድምፅ ማጉያ መናገር ነውር የሆነው ለማን ነው? ቀይ እስክሪብቶ የተገዛበት ገንዘብ መቀርቀሪያ ይገዛ ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዱራሜ ያለች የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለው። ሣጥኑ የተሰቀለው የርዕሰ መምህሩ በር ላይ፣ ከወንበራቸው ፊት ለፊት ነው፤ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ ነው። ይህ ነው ግልጽነት! የተማሪዎች ፓርላማም አለ፤ አጀንዳ ከላይ ይመጣል፤ እስካሁን ያልጸደቀ ነገር የለም።

«ልጅ ምን ያውቃል?» የሚሉም አሉ፤ እስማማለሁ። በ1992 ዓ.ም. ጎረቤታችን ወላይታ ሶዶ ላይ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» ያላቸውን መጻሕፍት ለተማሪዎች ያደለው በዕድሜ የበሰለ ሰው ነው። ይህ የእኛ ቋንቋ አይደለም ብለው ከወጡት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። ሰው ሞተ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በዓመቱ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከዚህ ሁሉ የተቀሰመው ትምህርት «ከማሳተማችሁ በፊት ጠይቁ» የሚል ይመስላችኋል? አይደለም፤ «ልጆቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ» የሚል ነው።

በከተማችን ትልቁ ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመላቸው ንግሥት እሌኒም ይህ አሠራር ሳይደርስላቸው ነው ያለፉት። የሀድያው ገራድ ልጅ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጽፈው ማቴዎስ በሚባል መልእክተኛ ላኩ፤ ጠላት በርትቷልና በመርከብ እንተባበር አሉ። ያለ አራሚ! የክበብ ተጠሪ ቢኖራቸው ኖሮ ደብዳቤው «ደህና ነን፤ ባሕሩም ደህና ነው» ብሎ በሄደ፣ ገጽታችንም ባልተነካ ነበር።

ሕጉንም እናከብራለን። ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት ኅዳር 29 ልጆቻችን የሀድያንና የከምባታን የባህል ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃነት ስለ መያዝና ስለ መግለጽ የሚናገር መሆኑ ግን በዘፈኑ ውስጥ አልተካተተም። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይላል፤ እሱን ደግሞ ልምጩ ይረሳዋል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 ስለዚሁ ሐሳብ መግለጽ ያወራል፤ እኔ እንኳ ለክበቡ ልጠቁም ብዬ ነበር፣ መገምገም አለበት ብዬ ተውኩት።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ሰኔ 9ን ነው። የአፍሪካ ሕፃናት ቀን። በ1976 እ.ኤ.አ. በዚያ ዕለት የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ከትምህርት ቤት ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ሄክተር ፒተርሰን የሚባል ልጅ በአንድ ወጣት ክንድ ላይ ሆኖ የተነሣው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ቀኑ የሚከበረው ልጆች ስለ ትምህርታቸው አፍ አውጥተው ስለ ተናገሩና ስለ ተገደሉ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ያከበርነው እጅን በሳሙና ስለ መታጠብ በቀረበ ግጥም ነው። ውኃ በሌለበት ቧንቧ አጠገብ።

ዘንድሮ በዓሉ ላይ ወላጆችን ወክዬ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ክብር ተሰምቶኛል። ንግግሬን ጽፌ እስከ ሰኔ 5 ለምክትል ርዕሰ መምህሩ እንዳስገባ ተነግሮኛል።