በተውሶ አስተያየት

ሰው ሲጠይቀኝ «መጽሐፍ አነባለሁ» እላለሁ። ልማዴን የሚያውቅ ግን ስቆ ያልፈኛል። የማነበው መጽሐፉን ሳይሆን ሌሎች አንባቢዎች ስለ መጽሐፉ ያሉትን ነውና። የአንድ ልብ ወለድ ስም ሲነሳ መጀመሪያ አድናቂዎቹን እሰማለሁ፤ ከዚያ ነቃፊዎቹን፤ ከዚያ ደግሞ አድናቂዎቹ ለነቃፊዎቹ የሰጡትን መልስ። የመጽሐፉ ተራ ሲደርስ እኔ ደክሜያለሁ። አቋም ግን አላጣም። አቋሜም ጽኑ ነው፤ የሚቀጥለውን አስተያየት እስክሰማ ድረስ።

ጉዴን ያወጣው የአየርላንዳዊው ፒደር ኦ ጊሊን ልብ ወለድ «ዘ ኮል» ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ለወጣት አንባቢዎች የታተመ፣ ጨለማ የነገሠበት ምናባዊ ታሪክ ነው። የአየርላንድ ጥንታዊ ትረካዎች እንደሚሉት፣ የዛሬዎቹ ሰዎች አባቶች ደሴቲቱን ሲይዙ ቱአሃ ዴ ዳናን የተባሉት አስማተኛ ነገዶች ተሸንፈው ከምድር በታች ገቡ። ኦ ጊሊን ያንን የቆየ ቂም ወደ ዘመናችን አመጣው። እነዚያ ተሸናፊዎች፣ በመጽሐፉ ሺ የሚባሉት ፍጡራን፣ አየርላንድን ከተቀረው ዓለም ቆርጠው፣ ታዳጊዎቿን አንድ በአንድ ወደ ግራጫው ምድር ይጠራሉ። እዚህ ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ሲያልፍ፣ እዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። በዚያ ቀን ልጁ ይታደናል። ከአሥር የሚተርፈው አንድ ቢሆን ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ኔሳ ደግሞ ፖሊዮ እግሮቿን ያደከመባት ልጅ ናት።

በዚህ መጽሐፍ ላይ አንባቢ አይስማማም፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሠርግና ምላሽ ነው። አንዱ «ለታዳጊ እንዲህ ያለ ጭካኔ አይጻፍም» ሲል ብሰማ፣ ልጅ አሳድጎ የጨረሰ ሰው ይመስል በየደረስኩበት ስሰብክ ሰነበትኩ። ሌላው «ታዳጊ ፍርሃቱን የሚለማመደው እንዲህ ባለ መጽሐፍ ነው» ቢል፣ ሳላፍር ስብከቴን ገለበጥኩት። ሦስተኛው «ተበዳዮቹ ሺዎቹ ናቸው፤ አገራቸውን የተቀሙት እነሱ አይደሉም ወይ?» ብሎ ሞገተ። ይህኛው ጥልቅ ሰው ስለሚያስመስል ወደድኩት፤ ቡና በተፈላበት ሁሉ አቀረብኩት። «ገጸ ባሕርያቱ ሳንለምዳቸው ይሞታሉ» የሚለውን ትችትማ ጭራሽ የራሴ አደረግኩት። ከኔሳ በቀር የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር።

መጽሐፉን ጨርሳ ያስቀመጠችው የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የት ደርሰዋል?» አለችኝ።

«አጋምሼዋለሁ» አልኳት። ያጋመስኩት አስተያየቶቹን ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ነቃፊ፣ እግሯ የማይታዘዛት ልጅ ከአዳኞች ታመልጣለች ብሎ ማሰብ አሳማኝ እንዳልሆነ ሲናገር ሰምቼ፣ እኔም «አሳማኝ አይደለም!» እያልኩ ጠረጴዛ መታሁ። ልብ በሉልኝ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሺዎቹ ፈገግ እያሉ የሰው ሥጋ እንደ ሊጥ አቡክተው ውሻ ያደርጋሉ። እዚያ ላይ አንዲት ጥያቄ አላነሳሁም። አንዲት ልጅ በደከመ እግር ለመኖር ስትሞክር ግን ድንገት የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ሆንኩ።

የእህቴን ልጅ ዓይን መቋቋም ሲያቅተኝ መጽሐፉን ገለጥኩት። በታሪኩ ውስጥም ኔሳን የሚያያት ሁሉ ማለት ይቻላል ገና ጥሪው ሳይደርሳት እንደ ሞተች ይቆጥራታል። እሷም ከማንም ነገር ይልቅ የምትጠላው ያንን የኀዘኔታ ዓይን ነው። ደራሲው ሳያውቀኝ ጽፎኛል፤ ያውም ስም እንኳ ከማይሰጣቸው አላፊ አግዳሚዎች አንዱ አድርጎ።

ከእኔ የሚሻል ነቃፊ በዚያችው አገር ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ነበረ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሌንስተር መጽሐፍ በሚባለው ብራና ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ንግሥት ሜቭ ለአንድ ኮርማ ስትል አልስተርን የወረረችበትን ታላቁን የከብት ዘረፋ ታሪክ ገለበጠ። ሲጨርስ በአይሪሽ ቋንቋ፣ ታሪኩን ሳያዛባ በቃሉ ለሚይዝ ሁሉ ምርቃት ጻፈ። ቀጥሎም በላቲን፣ ይህን ተረት እንደማያምንበትና አንዳንዱ ነገር ለሞኞች መደሰቻ የተፈጠረ መሆኑን አከለ። መመረቅም መንቀፍም በአንድ ገጽ! በአቋም መገለባበጥ እኔን የሚስተካከል ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። ግን ሰውየው የተናገረው እያንዳንዷን ቃል በእጁ ከጻፈ በኋላ ነው። እኔ የታተመውን እንኳ ለመግለጥ የእህት ልጅ ቁጣ ያስፈልገኛል።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ወደፊት ስለ መጽሐፍ ሳወራ ብታገኙኝ፣ ከመከራከራችሁ በፊት ስንተኛው ገጽ ላይ እንደደረስኩ ጠይቁኝ። ስለ ደራሲው የትውልድ አገር ማውራት ከጀመርኩ መልሱን አግኝታችኋል። የ«ዘ ኮል» ቀጣይ ክፍል «ዘ ኢንቬዥን» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ወጥቷል። ገና አልገለጥኩትም፤ ጠንካራ አስተያየት ግን አለኝ። እባካችሁ አትመኑኝ።