መብራት ሲመጣ ነው የምደነግጠው

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ከወጥ ቤት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ስሰማ ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። ቀጭ አለ፣ ትንሽ አቃሰተ፣ ዝም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ፍሪጅ ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ኮምፕረሰሩ ልነሣ ብሎ አቅም ሲያጣ የሚያሰማው ነው። በባዶ እግሬ ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለብኝ። ከላይ ፎቅ የሚጣደፍ ኮቴ ይሰማኛል፤ እዚያም ያለችው ጎረቤቴ ወደ ፍሪጇ እየሮጠች ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለታችንም ታክሲ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን፣ ዓይናችን ቀልቶ።

መብራት ሲጠፋ በፍሪጁ ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ በአንድ በኩል እንደታመቀ ይቀራል። ግፊቱ እስኪመጣጠን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ሞተሩ ልነሣ ካለ ሸክሙ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፤ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል፣ ሲበርድ ደግሞ ይሞክራል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቀን ሽቦው ይቃጠላል። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ አሥር ሰከንድ ሳይቆይ ይመለሳል፤ እፎይ ሳንል ደግሞ ይሄዳል። ሲመለስም በልኩ አይመለስም። 220 ቮልት መሆን ሲገባው አንዴ አምፖሉን እንደ ኩራዝ ያፈዘዋል፣ አንዴ ቦግ አድርጎ ያቃጥለዋል። መብራት ሲሄድ የሚበላሸው ምግቡ ነው፤ ፍሪጁ የሚሞተው ሲመጣ ነው። ይህን ብሎ የሚሸጥ ሻጭ ግን አላጋጠመኝም። ሁላችንም በየቤታችን፣ በየኪሳችን፣ አንዳንድ ኮምፕረሰር ቀብረን ነው የምንማረው።

ስታቢላይዘር ግዙ ተባልን፤ ገዛን። መጀመሪያ የሰካነው ለቴሌቪዥን የሚሆነውን ትንሹን ነበር። ኮምፕረሰር ሲነሣ በደህናው ጊዜ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ አልቻለውም፤ ሁለት ወር ሳይሞላው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ቀጥሎ ለፍሪጅ ተብሎ የተሠራውን፣ መብራት ከመጣ በኋላ ቆጥሮ የሚለቀውን ገዛን። እሱ ዓመት አገለገለ። አሁን መቁጠሩን ትቶ ወዲያው ይለቃል፤ ለዚህ ነው በሌሊት ተነሥቼ እኔ የምቆጥርለት።

የባለፈው ፋሲካ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተን፣ የደረሰንን መደብ በየፌስታሉ አድርገን ፍሪዘሩን ጢም አደረግነው። እሁድ ከሰዓት መብራት ሄደ። በሩን ካልከፈቱት ታችኛው ክፍል አራት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር እስከ ሁለት ቀን፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ አንድ ቀን። ይህ ግን ውስጡ ያለው ቀድሞ በረዶ ከሠራ ነው። የእኛ ሥጋ በዚያው ቀን የታረደ ነበር፤ ጠርዝ ጠርዙ እንጂ መሐሉ ገና አልበረደም። በዓልም ነው፤ እንግዳ ይገባል፣ ለስላሳ ይወጣል፣ በሩ ተዘግቶ አይውልም። ሰኞ ጠዋት ስነሣ ደም ያዘለ ውኃ ወለሉ ላይ ወርዶ ጠበቀኝ። እናቴ አንዱን ፌስታል ፈታ አሸተተችና፣ «ልጄ፣ ገመድ ፈልጊ» አለች። ቀኑን ሙሉ ስትዘለዝል ዋለች። በርበሬና ጨው እያሸን ከመጋረጃው ብረት እስከ በሩ ምስማር ወጠርነው። ለቋንጣ የሆነው ተረፈ። ለልጆቹ ብለን ያስፈጨነው ተደፋ። ለዚያ መደብ ከገና ጀምረን ነበር ብር ስናጠራቅም የከረምነው፤ ስደፋው እጄ እሺ አላለኝም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ መብራት እያለም ማቀዝቀዝ አቃተው። ባለሙያ ጠራን። ከኋላ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋዝ ጨርሷል» አለ። ሞላ፣ ተከፈለው፣ ሄደ። ወር ከምናምን በኋላ ሌላ ባለሙያ፣ ያው ቃል፣ ያው ክፍያ። የፍሪጅ ጋዝ እኮ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም! በታሸገ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ካነሰ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በነቃ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ሦስተኛው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰው፣ የሳሙና አረፋ በስፖንጅ እየቀቡ ቱቦውን በጣታቸው ተከተሉት። ፍሪዘሩ ውስጥ፣ አንዲት ጭረት አጠገብ፣ አረፋዋ ቀስ ብላ አበጠች። «እህቴ፣ በረዶውን በቢላዋ ፈልፍላችኋል» አሉኝ። አዎ፣ ፈልፍለናል። የቀለጠው መልሶ እየረጋ ፌስታሉን ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቀው፣ ነቅሎ በሩን ከፍቶ እስኪቀልጥ መጠበቅ ነበረብን። ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ምሳ ደርሶብን ነበር።

ከኋላ የተለጠፈውንም ጽሑፍ አሳዩኝ። አር 600ኤ ይላል። የመጀመሪያው ባለሙያ ይዞት የመጣው ሲሊንደር ላይ አር 134ኤ የሚል ማየቴ ትዝ አለኝ። ለአንዱ ጋዝ የተሠራ ኮምፕረሰር ለሌላው አይሆንም። አር 600ኤ ደግሞ የሚቀጣጠል ስለሆነ፣ ቱቦው በእሳት ከመበየዱ በፊት ጠርጎ ማውጣት ግድ ነው። ልጆቼ ባሉበት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጽሑፉን ጎንበስ ብሎ ሳያነብ እሳት የለኮሰ ሰው ነበር። ይህ ከገንዘቡ በላይ ያንገበግበኛል።

በራሳችን ቤትም የምንበድለው አለ። ከእሳት የወረደ ድስት እንፋሎቱ ሳይወጣ ይገባል። ልጆቹ የሚፈልጉትን ሳያውቁ በሩን ከፍተው ይቆማሉ። የበሩ ጎማ ላልቷል፤ ወረቀት አስገብቼ ዘግቼ ስስበው ሳይዘው ይወጣል። ለዚህ ሞዴል የሚሆን ጎማ ስፈልግ ሁለት ቅዳሜ አለቀብኝ፣ እስካሁን አላገኘሁም። ጎንና ጎኑን የሸፈነውን ዳንቴል ግን አንሥቻለሁ። ሙቀቱን በጎኑ የሚያስወጣ ፍሪጅ መሆኑን ሽማግሌው ናቸው የነገሩኝ።

ፊት ለፊታችን ያሉት እናት የእሳቸውን ሁለት ጊዜ አሠርተው ተስፋ ቆርጠዋል። ሶኬቱ ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ ሽሮና በርበሬ ነው። አይጥ አይገባበትም ይላሉ። ኢንሱሊናቸው እኛ ጋ ነው ያለው፣ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ካርቶን። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከሞቀም ከረጋም መድኃኒት መሆኑ ይቀራል። መብራት ሲመጣ ከሥጋውም ከወተቱም በፊት የምትታየኝ ያቺ ካርቶን ናት። ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ፣ የእኔን ማደር ከመጠየቃቸው በፊት፣ «ልጄ፣ ፍሪጁ ደህና አደረ?» ይሉኛል።